አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች የራሳቸውን ቻናል ተስማምተው መያዝ አይችሉም?

ሌንስ_ጅማ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ፎቅ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ፣ ከሥር ካፌ፣ አጠገባችን ደግሞ ፋርማሲ አለ። ሥራችን በብዛት ሰርግ ነው። ጥር ላይ፣ ደግሞም ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ በሳምንት ሦስት አራት ሰርግ ይመጣል። አንዱ ሰርግ ከሦስት ካሜራ ሲሰበሰብ ወደ 40 ጊጋ ይሆናል። ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ አራግፌ ወደ ኤዲተሩ ኮምፒውተር እልካለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት ሜትር አይሞላም። ራውተሩ ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ነው ያለው።

ችግሬ ይሄ ነው። ማታ ሱቆች ከተዘጉ በኋላ 40ው ጊጋ በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ቀን ግን ያው ፋይል፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለፈው ቅዳሜ ሙሽሮቹ ጅሬን ወጥተው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ተቀረጹ፣ እኔም ማታ ግብዣው ላይ የሚታይ አጭር ክሊፕ አደርስላችኋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ፋይሉ ሳያልቅ መብራት ሄደ። ሲመጣ ደግሞ ከበፊቱም ብሶ ቁጭ አለ። ክሊፑ አልደረሰም። የሙሽራዋ እናት ምንም አላሉኝም፣ ዝም ነው ያሉት፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኮምፒውተሮቹ እዚሁ ጎን ለጎን ሆነው ለምን ግድግዳ አልፈው በራውተሩ ዞረው ይመጣሉ? እርስ በርስ ተነጋግረው «እኛ ይቺን ቻናል፣ ይቺን የአየር መንገድ፣ እንያዝ» ማለት አይችሉም? ደግሞ ራውተሩ ላይ ቻናሉ ኦቶ፣ ስፋቱ 80 ሜጋኸርዝ ይላል። ኦቶ ከሆነ ለምን ራሱ የተሻለውን ፈልጎ አይሄድም? ራውተሩም ኮምፒውተሮቹም ዋይፋይ 5 ናቸው፣ 5 ጊጋኸርዝ ይይዛሉ።

ኔትወርከኛው፦

እህቴ፣ ቻናሉን ተይውና ላን ኬብል ዘርጊ። በጊጋቢት ኬብል 40 ጊጋ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው፣ ሃርድ ዲስኮቹ ከቻሉ። ኬብል ከጎረቤት ጋር አይጋፋም፣ የማንንም ተራ አይጠብቅም። ለኑሮሽ የምትሠሪበት ነገር ከሆነ መጀመሪያ ኬብል፣ ከዚያ ሌላው።

ሌንስ_ጅማ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ አስቤው ነበር። ላፕቶፑ ግን ቀረጻ ላይ አብሮኝ ይወጣል፣ የላን ቀዳዳም የለውም፣ መቀየሪያዋን ደግሞ እስካሁን አልገዛሁም። እገዛለሁ። ያም ሆኖ ነገሩን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ማታ እየሠራ ቀን እምቢ የሚለው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ለደንበኛ ቃል መግባት አልችልም።

የቂጦ ተማሪ፦

የመጀመሪያው ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ይችላሉ ነው።

መጀመሪያ አሁን የሚሆነውን ልንገርሽ። በተለመደው ዋይፋይ ማንኛውም መሣሪያ የሚያወራው ከራውተሩ ጋር ብቻ ነው። ላፕቶፕሽ የላከው እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ አንድ ጊዜ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፣ ከዚያ በዚያው ቻናል ላይ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ኤዲተሩ ይመጣል። አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ምንም ችግር ባይኖር እንኳ ፍጥነቱ ከመነሻው በግማሽ ይወድቃል።

ለዚህ ተብሎ በ2010 የወጣ ደረጃ አለ፣ ቲ.ዲ.ኤል.ኤስ ይሉታል። አንድ ራውተር ላይ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች ቀጥታ የሚገናኙበት መንገድ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ላፕቶፑ በራውተሩ በኩል «ቀጥታ እንገናኝ?» ብሎ ይልካል። ያኛው «እሺ፣ እኔ የምችለው ይሄን ይሄን ነው» ይላል። ላፕቶፑ ደግሞ ያጸናል። ሦስት መልእክት ብቻ ነው። ራውተሩ እነዚህን እንደ ተራ ዳታ አሳልፎ ነው የሚሰጣቸው፣ ስለዚህ ራውተሩ ቲ.ዲ.ኤል.ኤስ ባያውቅም አያደናቅፍም።

አሁን ወዳልሽው ነገር እንምጣ። ቀጥታ ከተገናኙ በኋላ አንደኛው «ወደዚያኛው ቻናል እንሂድ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ውስጥ የሚሄዱበት ቻናል ቁጥር አለ፣ ለመቀየር ስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደሚፈጅበት አለ፣ እዚያ ደርሰን ካልተደማመጥን ስንት ጠብቀን እንመለስ የሚልም አለ። ያኛው መስማማትም እምቢ ማለትም ይችላል። ከተስማሙ ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱም ለራውተሩ «ተኝተናል» ይሉታል፣ ባትሪ ለመቆጠብ እንደሚተኛ ስልክ። ራውተሩም የተኙ መስሎት የመጣላቸውን ነገር ያስቀምጥላቸዋል። እነሱ ሌላ ቻናል ላይ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ በየመሀሉ ተመልሰው የተቀመጠላቸውን ይወስዳሉ።

እንቅፋቱ ምንድነው፣ ቀጥታ መገናኘቱን የሚያውቁ የዋይፋይ ካርዶች ሁሉ ቻናል መቀየሩን አያውቁም። አንቺ ደግሞ ማዘዣ ቁልፍ የለሽም፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ራሱ ነው የሚወስነው።

ሌላው መንገድ ዋይፋይ ዳይሬክት ነው፣ ያለ ራውተር። ሁለቱ መሣሪያዎች መጀመሪያ 1፣ 6 እና 11 ቻናሎች ላይ ይፈላለጋሉ። አንዱ ሲጣራ ሌላው እያዳመጠ መሆን አለበት፣ ሁለቱም አብረው ቢጣሩ ወይም አብረው ዝም ቢሉ መቼም አይገናኙም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚያዳምጥበትን ጊዜ በዕጣ ነው የሚያረዝምና የሚያሳጥረው። ሲገናኙ ማን እንደ ራውተር እንደሚሆን ይደራደራሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 15 ቁጥር ይሰጣል፣ ትልቁን የሰጠ ይሆናል፣ 15 ያለ «እኔ ካልሆንኩ አይሆንም» ማለቱ ነው፣ ሁለቱም 15 ካሉ ድርድሩ ይፈርሳል። የሚችሏቸውን ቻናሎችም ይለዋወጡና ከሚጋሯቸው ላይ አንዱን ይዘው ይሠራሉ። ስልክ ላይ ይሄን የሚጠቀሙ የፋይል መላኪያዎች ብዙ ናቸው። ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕም ይሆናል፣ ለ40 ጊጋ ግን በመሀል ሲቋረጥ ከየት እንደሚቀጥል እርግጠኛ ካልሆንሽ አትተማመኚበት።

ኮቺ ሰፈር፦

እኔ ስለ መብራቱ ላውራ። ሌንስ፣ «መብራት ሲመጣ ብሶ ቁጭ አለ» ያልሽው በአጋጣሚ አይደለም። እኛ ሰፈርም በየጊዜው እያየሁት ነው።

ኦቶ የሚባለው ብዙ ተራ ራውተሮች ላይ ሲነሳ አንድ ጊዜ አዳምጦ የሚመርጥ ነው። መብራት ሲመጣ ግን የሰፈሩ ራውተር ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው የሚነሳው። ሁሉም ያዳምጣል፣ ሁሉም አየሩ ባዶ ነው ይላል፣ ምክንያቱም ማንም ገና መናገር አልጀመረም። ከዚያ ሁሉም ያቺኑ ቻናል ይይዛል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሩን ከፍቶ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ በአንድ ጠባብ መንገድ እንደሚወጣ ማለት ነው። ከያዙ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ አይለቁም፣ እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስ እዚያው ተፋፍገው ይውላሉ።

ስልክሽ ላይ የዋይፋይ አናላይዘር አፕ ጫኚና መብራት መጥቶ አምስት ደቂቃ ሲሆነው ክፈቺው። ታዪዋለሽ።

አንድ ጥያቄ ለምታውቁ፣ ብሉቱዝ እየዘለለ ቻናል ይቀያይራል ይባላል። ዋይፋይ ለምን እንደሱ አይዘልም?

አንቴና፦

ከብሉቱዙ ልጀምርና ወደ ሌንስ ልመለስ። ክላሲክ ብሉቱዝ 79 ጠባብ ቻናል አለው፣ እያንዳንዱ 1 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 1600 ጊዜ ይዘላል። ሁለቱ መሣሪያዎች ደግሞ «ይቺ ተይዛለች፣ እንዝለላት» እየተባባሉ የጋራ ዝርዝር ይይዛሉ፣ ቢያንስ 20 ቻናል ግን መቅረት አለበት። ይሄ የሚሠራው የሚልከው ነገር ትንሽ ስለሆነ ነው። ዋይፋይ ግን ሰፊ ነው፣ አንዱ ብቻውን 20፣ 40፣ 80 ሜጋኸርዝ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር የሚዘልበት ቦታ የለውም።

ሌንስ፣ የቂጦው ልጅ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ግን የቀኑና የማታው ልዩነት ከዚያ የመጣ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ማታም ቢሆን ፋይሉ በራውተሩ ዞሮ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ያቺ 80 የምትለው ላይ ነው።

80 ሜጋኸርዝ ማለት ጎን ለጎን የቆሙ አራት ባለ 20 መንገዶች ናቸው። ከአራቱ አንዷ ዋና ናት። በ2013 የወጣው የዋይፋይ 5 ደረጃ ላይ መሣሪያዎቹ ስፋቱን በሥራ መሀል መደራደር ይችላሉ። ላኪው ከመላኩ በፊት «ልላክ?» የሚል አጭር ጥያቄ በአራቱም መንገድ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ተቀባዩ በራሱ ጆሮ ያዳምጣል። አራቱም ነፃ ከሆኑ በአራቱም «ላክ» ይላል። ሁለቱ ተይዘው ካገኛቸው በሁለቱ ብቻ ይመልሳል፣ ላኪውም ወደ 40 ይጠብባል። ሦስቱ ከተያዙ ዋናዋ ብቻ ትቀራለች፣ 20። ለምን ተቀባዩ ይጠየቃል ካልሽ፣ ላኪው የማይሰማውን ጎረቤት ተቀባዩ ሊሰማው ስለሚችል ነው። ራውተርሽ እንግዳ መቀበያው ጋ ነው፣ እዚያ የሚሰማው ካፌ አንቺ ክፍል ላይሰማ ይችላል።

አሁን ቁጥሩን እዪው። ባለ ሁለት አንቴና ዋይፋይ 5 በ80 ከፍተኛው በሰከንድ 866 ሜጋቢት ነው፣ በ40 400፣ በ20 ደግሞ 173። በተግባር ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይገኛል። በራውተሩ ስለሚዞር እሱም በሁለት ይከፈላል። 866ቱን ይዘሽ አስቢው፣ 40 ጊጋ 20 ደቂቃ ገደማ። 173ቱን ይዘሽ አስቢው፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ምናምን። ያልሽኝ ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። ቀን ቀን መሣሪያዎችሽ ተደራድረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20ና 40 እየጠበቡ ነው፣ በዚያ ላይ የተራ መጠበቁ አለ። ራውተሩ ገጽ ላይ 80 ተብሎ የተጻፈው ጣሪያው ነው።

ኔትወርከኛው፦

አንቴና ጥሩ ነው ያስረዳኸው። እኔ ግን ኦቶን እንዲህ ባናጠፋው እላለሁ። ቻናል ቆልፈሽ ስትቀመጪ ነገ አዲስ ጎረቤት መጥቶ እላይሽ ላይ ቢያርፍ ማን ያነሳሻል? ጥሩ ኦቶ በየጊዜው ያዳምጣል። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ ሁሉንም ራውተር እያየ ያከፋፍላል።

አንቴና፦

መሥሪያ ቤት ውስጥ እውነት ነው፣ ባለቤቱ አንድ ስለሆነ። እሷ ፎቅ ላይ ግን ሦስት አራት ባለቤት ነው ያለው፣ ራውተሮቹም እርስ በርስ አይነጋገሩም። ዋናው ነገር እሱ ነው። አንድ ራውተር ሥር ያሉት መሣሪያዎች ሲደራደሩ ይውላሉ፣ የሁለት ጎረቤት ራውተሮች ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ ከመስማት ያለፈ ነገር የላቸውም። የማውቀው ለየት ያለ ነገር 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ እዚያ አንድ መሣሪያ «እዚህ 40 አትዘርጉ» የሚል ምልክት ማሰማት ይችላል፣ የሰማ ራውተርም ወደ 20 መጥበብ አለበት። ከዚያ ውጪ ድርድሩ የባለቤቶቹ ነው። ሰዎቹ መነጋገር አለባቸው።

ስለዚህ ሌንስ፣ እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ።

ከጎረቤቶችሽ ጋር ቁጭ በይ። ካፌው ሰፊ ቻናል ምን ያደርግለታል? ደንበኛው የሚጠቀመው ኢንተርኔት ነው፣ የኢንተርኔት መስመሩ ደግሞ ከ20 ሜጋኸርዝ አቅም በጣም ያነሰ ነው። 80 ይዞ የሚጠቅመው ነገር የለም፣ አንቺን ግን ይዘጋሻል። እዚያው ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል የምታንቀሳቅሺው አንቺ ብቻ ነሽ። ይሄን ካስረዳሻቸው የሚከለክልሽ ያለ አይመስለኝም፣ እነሱም የሚያጡት ነገር የለም።

ከ36 እስከ 48 ያሉት አራቱ ቻናሎች አንድ 80 ይሠራሉ። ከ52 እስከ 64 ያሉት ሌላ 80። ጎረቤቶችሽ የመጀመሪያውን በ20 በ20 ይካፈሉት፣ አንቺ ሁለተኛውን ያዢ። ግን እነዚህ ከ52 እስከ 64 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፣ ሕግ አላቸው። ራውተሩ ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት። ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ መውጣት አለበት፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። ሲወጣ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ በሚለቀው ማስታወቂያው ላይ «ወደዚህ ቻናል ልሄድ ነው፣ ይሄን ያህል ቀረኝ» እያለ ይቆጥራል፣ መሣሪያዎቹም አብረውት ይሻገራሉ። ይሄ ከ2003 ጀምሮ ያለ ደረጃ ነው።

እባክሽ አንድ ነገር አደራ። ቻናል ለማብዛት ብለሽ የራውተሩን አገር ወደ ሌላ አገር እንዳትቀይሪ። ኢትዮጵያ ብለሽ ሲያሳይሽ ካለው ላይ ብቻ ምረጪ። ራዳሩ የአውሮፕላንና የአየር ሁኔታ መከታተያ ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ከጎረቤት ጋር የግድ መደራረብ ካለብሽ ደግሞ ዋናዋን ቻናል አንድ አድርጉ። መሣሪያው ዋናዋን ሁልጊዜ ነው የሚያዳምጠው፣ ሌሎቹን ግን ሊልክ ሲል ለ25 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ብቻ አየት ያደርጋቸዋል፣ ጆሮውም እዚያ ደከም ይላል። ዋናዎቹ ሲለያዩ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ይናገርበታል፣ የሁለቱም ይበላሻል።

ሌንስ_ጅማ፦

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኮቺ ሰፈር፣ አፑን ጭኜ መብራት ሲመጣ ከፈትኩት። ከስድስት ራውተር አምስቱ 36 ላይ ነበሩ። የኔም አብሮ። አምስቱም ተደራርበው ሳይ ነገሩ ገባኝ።

ከሥር ያለው ካፌ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቡና አፍልተው ነው የጠበቁኝ። አጠገባችን ያለው ፋርማሲም ባለቤቱ መጣ። የዋይፋይ ነገር ብዬ ስጀምር ካፌዋ ባለቤት «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲነካካ ነው፣ የሚጎዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አሉኝ። ወረቀት ላይ አራት መስመር አሠመርኩና አሳየኋቸው። ይቺ የእርስዎ፣ ይቺ የሱ፣ እነዚህ ከላይ ያሉት የኔ። ከእንግዶቻቸው ኢንተርኔቱ እንዳይቀንስ ብቻ ነው የጠየቁት። አብረን ለክተን አየን፣ አልቀነሰም። ካፌው 36 ላይ፣ ፋርማሲው 44 ላይ፣ ሁለቱም በ20። እኔ 52ን ዋና አድርጌ 80። ሌሎቹ ሦስት ራውተሮች ከማዶ ሕንፃ ስለሆኑ አላገኘኋቸውም፣ ሲግናላቸውም ደካማ ነው።

ትናንት ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ 40 ጊጋ በ23 ደቂቃ ሄደ።

ያስቸገረኝ አንድ ነገር፣ መብራት ሲመጣ የኔ ዋይፋይ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ኤዲተሩ ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ እያጠፋ ሲያበራው ደረስኩበት። 60 ሰከንዱን ነገርኩት። የእርሱ አሮጌ ስልክ ደግሞ 52ን ጭራሽ አያየውም፣ 2.4ቱ ላይ አስገባሁት።

የቂጦ ተማሪ፦

አሮጌ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ መሣሪያ የራዳር ቻናሎቹን አይደግፍም። አዲስ ካሜራ ወይም ላፕቶፕ ስትገዢ ይሄን አስቀድመሽ ጠይቂ። በየጊዜው የምታጠፉት ከሆነ ደግሞ 60 ሰከንዱ በየጊዜው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ኤዲተሩ ሲነካካው እያዘገየው ነበር።

ኔትወርከኛው፦

በቻናሉ ተረትቻለሁ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ኬብሉን ግን እንዳትረሺ።

ሌንስ_ጅማ፦

መቀየሪያዋን አዝዣለሁ፣ ከአዲስ አበባ በሰው እየመጣችልኝ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ። የሦስታችንን ቻናል በወረቀት ጽፌ በየራውተሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ፣ የሚጠግን ሰው መጥቶ ሪሴት ቢያደርገው የትኛው የማን እንደነበረ እንዲያይ።